የቀትሩ እንግዳ

ወይዘሮ ዘርትሁን ሱባኤዋን የጀመረችው ሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ዙሪያው ገደል በሆነ አምባ ላይ ያለው የእናቶች ገዳም በረኛም መጋቢም የሆኑት አሮጊቷ መነኩሲት፣ እማሆይ አመተ ሥላሴ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ከቋጥኝ ተፈልፍላ ወደተሠራች፣ አንድ ሰው ለመስገድና ለመጋደም ብቻ ወደምትበቃው በዓት ወሰዷት። በዓቷ መስኮት የላትም። የወይራ ሳንቃ በሯ ከውስጥ በመወርወሪያ ይዘጋል፤ ከግርጌው ደግሞ ቆሎና ውኃ የሚገባባት፣ ክንድ የምታሳልፍ ቀዳዳ አለች። ውስጧ እርጥብ ድንጋይ፣ የጧፍ ጢስና ከዘርትሁን በፊት እዚያ ወድቀው የተነሡ ሰዎች ላብ ይሸታል።

«ሰባት ቀን ከሰው ጋር ቃል አትለዋወጪም» አሏት እማሆይ። «የዓለም ወሬም አይገባልሽም፤ ብጣሽ ወረቀት እንኳ። እኔ በዘጠኝ ሰዓት ስመጣ ‹በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ› እላለሁ፤ አንድ ጊዜ ሳንቃውን መታ ታደርጊና ትቀበይኛለሽ። ስሙን ሙሉ ሳይጠራ ደጅሽን ለሚነካ ግን፣ የማንንም ድምፅ ይዞ ቢመጣ እንዳትከፍቺ። ሰይጣን ሁሉን ያስመስላል ልጄ፤ ያንን ስም ግን አፉ አይችለውም።»

ዘርትሁን ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማው የኖረች ናት። ማን ያልሰማ አለ? አንገቷን ደፍታ «እሺ እማሆይ» አለችና ገብታ መወርወሪያውን ዘጋች።

ያመጣት አንድ ነገር ብቻ ነው። የሃያ ሁለት ዓመት ልጇ አምሳሉ በበረሃው መንገድ ከወጣ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነው። መተማ ላይ ሆኖ አንድ ጊዜ ደወለ፣ «እማ፣ አታስቢ» አለ፣ ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም። ለሞተስ አልቅሰው፣ አርባውን አውጥተው ድንኳኑን ያፈርሳሉ፤ ለጠፋ ምን ይደረጋል? ጎረቤቶቿ መጀመሪያ ሰሞን «አይዞሽ፣ ይመጣል» ይሏት ነበር፤ ኋላ ኋላ ስሙን ማንሳት ተዉ፤ አንዷማ «እግዜር ሲቆጣ በትር አይቆርጥም» ብላ ስትንሾካሾክባት በጆሮዋ ሰማች። እሷም ቤቷን ዘግታ ወደዚህ ወጣች። በሕይወት ካለ አምጣልኝ፣ ሞቶም ከሆነ ቁርጡን ንገረኝ፤ ልመናዋ ይኸው ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደ ማንኛውም ሱባኤ አለፉ። ትሰግዳለች፣ መቁጠሪያዋን እየቆጠረች አርባ አንድ ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ትላለች፣ ደግሞ ትሰግዳለች። መጀመሪያ ጭንቅላቷ ውስጥ ገበያ ቆሞ ነበር፦ ያልከደነችው የዱቄት ዕቃ፣ ያልመለሰችው የሰው ወንፊት፣ የልጇ ጫማ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ግን ገበያው ተበተነና ዝምታው ወረደ፤ ከጣሪያው የምትንጠባጠበውን ውኃና የገዛ ልቧን ምት ብቻ የምትሰማበት፣ ዐይን ቢገለጥም ቢከደንም አንድ የሆነበት ዝምታ ነው። እናቶች ጸጥታ የሚሉት ይኼን ይሆናል ብላ ደስ አላት።

ረቡዕ፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ አናት ስትበሳ እናቶች ሁሉ በየቤታቸው ተከተው ወፍ እንኳ ዝም ባለበት ሰዓት፣ የእግር ኮቴ ሰማች። አንዱ እግር ይረግጣል፣ ሌላው ጠጠሩን እየጫረ ይጎተታል። ደጇ ላይ ደረሰና ቆመ። ስሙን እስኪጠራ ጠበቀች፤ አልጠራም። በሳንቃው ላይ አንድ ከባድ ነገር ተደገፈና እየተንሸራተተ ቁጭ ሲል ተሰማት። ከዚያ ትንፋሽ መጣ፣ በአፍ የሚወጣ፣ እርጥብ፣ ምራቅ የሚንተከተክበት ትንፋሽ። በቀዳዳዋም በኩል የዛገ ብረትና ያመረቀዘ ቁስል የመሰለ ሽታ ገባ፣ በዓቷንም ሞላው።

ቀትር የክፉ መንፈስ ሰዓት እንደሆነ ታውቃለችና በግንባሯ ተደፍታ ጸለየች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እማሆይ መጡ፤ ስሙን ሙሉ ጠሩ፣ ውኃውንና በውኃ የራሰውን ባቄላ በቀዳዳዋ አስገቡ፣ ለአፍታ ቆም ብለው ምንም እንዳላየ ሰው ሄዱ። ለእሳቸው አይታያቸውም ማለት ነው፣ አለች ዘርትሁን በልቧ፤ ለእኔ ብቻ የተላከ ፈተና ነው። ኮቴያቸው እንደራቀ ከበሩ ማዶ ማኘክ ያልሆነ፣ የሆነ ነገር እየተመጠጠ የሚዋጥበት ድምፅ ጀመረ፤ ብዙም ቆየ። የዚያን ቀን ባቄላዋን አልቀመሰችም።

ሐሙስ በቀትር ድምፁ ተናገረ።

«እማ።»

ድምፁ የሱ አይደለም፤ ወፍራም ነው፣ ከጉሮሮ ሥር ተስቦ የወጣ ነው። አጠራሩ ግን የሱ ነው፤ መጨረሻ ላይ ወደ ላይ የምታዘነብለው፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከአጥሩ ጀምሮ የሚላት «እማ» ናት። እጇ ሳታስበው መወርወሪያው ላይ ደርሶ ነበር። ስሙን ጥራ፣ አለች በልቧ፣ አምላኬ ሆይ ስሙን እንዲጠራ አድርገው። «እማ፣ እማ፣ እማ» አለ እንጂ ሌላ አልወጣውም።

ከዚያ እጅ በቀዳዳዋ ገባ። ጧፏ ወለሉን በምታሳይበት ብርሃን ጥፍር የሌላቸውን ሦስት ጣቶች አየች፤ የቀሩት ሁለቱ ከሥራቸው የሉም። ጣቶቹ ድንጋዩን ዳበሱ፣ የነጠላዋን ጫፍ አገኙ፣ ቀስ ብለው ጨበጡት። ለመጮኽ አፏን ከፈተች፤ አርምሞዋ ትዝ አላትና በመዳፏ ያዘችው። ይዛ ከገባችው ጠበል የቀረውን እንዳለ ደፋችበት። እጁ እንደተቃጠለ ሁሉ ተወራጭቶ ወጣ። ጠበል የሚፈራ ነገር ምን እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነው፤ ለእሷም ግልጽ ሆነላት። ቀዳዳዋን በድንጋይ ደፈነችና፣ በዘጠኝ ሰዓት ለእማሆይ ከማንሳቷ በቀር፣ እስኪመሽ በድንጋዩ ላይ ጀርባዋን አስደግፋ ተቀመጠች።

ዓርብ ልቧ አልችል አላት። የእናት ነገር፤ ሰይጣን መሆኑን እያወቀች እንኳ አንዴ ደግሞ «እማ» እንዲላት እየናፈቀች ነበር፤ በዚህ ናፍቆቷም አፈረች። ኮቴው ሲመጣ፣ ያ የሚጎተት እግር ደጇ ላይ ሲያርፍ፣ አርምሞዋን አፈረሰች።

«አምሳሉ ከሆንክ» አለች፣ ድምፅዋ ለራሷም ባዕድ ሆኖባት፣ «ስሙን ጥራ። በስመ አብ በል።»

ከበሩ ማዶ ትንፋሹ ፈጠነ። ከዚያ ጀመረ።

«በ… መ… አብ… ወወ… ወመ…»

ቃሉ መሃል ለመሃል እየተሰበረ፣ በምራቅ እየታሸ ይወጣል። ቆመና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ፣ አሁንም ቅዱሱን ስም እየገመሰ፣ ግማሹን እየዋጠ፣ ደጋግሞ፣ እየፈጠነ፣ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ባልለየለት ድምፅ። ይቀልድበታል፣ አለች፤ አምላኬ ላይ በልጄ አጠራር ይቀልዳል። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ያጠራቀመችው እንባ ሁሉ ቁጣ ሆኖ መጣባት።

«አንተ የልጄን ድምፅ የሰረቅህ!» አለች ሳንቃውን በሁለት እጇ እየደበደበች። «እናት የለህም! እዚህ የሚከፍትልህ የለም፣ የትም የሚከፍትልህ የለም። ጥፋ ከደጄ።»

ድምፁ ቀጥ አለ። አንድ ነገር፣ ግንባር ይሆናል፣ ሳንቃውን ቀስ ብሎ ነክቶ ጥቂት ቆየ። ከዚያ ኮቴው ተነሣና እየተጎተተ ከገደሉ ነፋሱ ወደሚመጣበት ራቀ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነፋሱ ብቻ ቀረ።

ቅዳሜ ቀትር ደረሰ፣ አለፈም፤ የመጣ የለም። ሽታው ከበዓቷ ወጣ። በዘጠኝ ሰዓት እማሆይ ስሙን ጠርተው ሲያስገቡላት ውኃው ሁለት ኩባያ፣ ባቄላውም ሁለት እፍኝ ነበር፤ ድል ለነሣ የሚሰጥ በረከት መስሏት አንድም ሳታስቀር በላች። ከስንት ጊዜ በኋላ ያለ ሕልም ተኛች። ልመናዬ ተሰምቷል፣ አለች፤ ፈተናውን ካለፍኩ መልሱ አይቀርም።

እሑድ ቅዳሴ እንዳለቀ እማሆይ መጥተው ስሙን ጠሩ። ዘርትሁን መወርወሪያውን ስባ ከፈተች። ብርሃኑ ዐይኗን ወጋት። አሮጊቷ ቁልፋቸው ወገባቸው ላይ ተንጠልጥሎ፣ ፊታቸው በፈገግታ በርቶ ቆመዋል። በትከሻዋ በኩል ወደ ጨለማው እያጮለቁ፣ የተኛ ላለመቀስቀስ እንደሚጠነቀቅ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ተኝቷል?»

«ማን?»

«ልጅሽ ነዋ! ረቡዕ ጎረቤትሽ የጻፈችለትን ደብዳቤ ይዞ መጣ። ሱባኤሽን እንዳላፈርስብሽ ዝም አልኩ እንጂ ዕልል ልል ምንም አልቀረኝ። ሌሊት በእንግዳ ቤት እደር፣ ቀትር ላይ እናቶች ሲከተቱ ደጇ ላይ ሆነህ ጠብቃት አልኩት። ዓርብ ሳጣው የእናት አንጀት አልቻለም፣ አስገብታዋለች ብዬ ትናንት የሁለት ሰው ምሳ አመጣሁ።»

ዘርትሁን የበሩን መቃን ያዘች። «ስሙን አልጠራም» አለች።

«በምኑ ይጥራ ልጄ? ደብዳቤው ላይ አለ እኮ፤ በረሃ ላይ ያገቱት ሰዎች ምላሱን…» አሉና እማሆይ መሃል ላይ አቋረጡት።

ጎንበስ ብለው በዓቷን ከጥግ እስከ ጥግ አዩ። ቀና ሲሉ ፈገግታው ከፊታቸው ጠፍቶ ነበር፤ እጃቸውም ወገባቸው ላይ ወዳለው ቁልፍ ሄደ።

«ከረቡዕ ወዲህ በእኔ በር የወጣ ሰው የለም» አሉ ቀስ ብለው፤ «አምባው ደግሞ ሌላ መውረጃ የለውም።»