ሃያ አራቱ ድጋፎች

የሰደበኝ ሰው አቻምየለህ ይባላል። ካቦ አቻምየለህ። ቀኑ ኅዳር 3 ቀን 1987 ዓ.ም. ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል። ቦታው ሀርጌሳ፣ 26 ጁን ሰፈር፣ ሺሬ የሚባል ነጋዴ የሚያሠራው ቤት።

የሰሙት ሰዎች ስድስት ናቸው። አንዳቸውንም አልረሳሁ።

እኔ አክሊል ነኝ። የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው፤ ፊደል ከሳትኩ እለፉኝ። ታሪኩ ላይ ግን የሳትኩት የለም። በዚህ ቻናል ብዙ ፈጠራ ይለጠፋል። ይሄ በዓይኔ ያየሁት ነው።

ያን ጊዜ የድብርት ኪኒን እወስድ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ከሞተ በኋላ ሐረር ላይ አንድ ሐኪም ያዘዘልኝ ነው። ማታ ማታ ሦስት ፍሬ። ከሞት አውጥቶኛል፣ አልክድም። ግን አፌን ኖራ የቃምኩ ያህል ያደርቀዋል። ጠዋት ራሴን ከፍራሽ ማንሳት ያቅተኛል። ሽንት ልሸና ብዬ ግማሽ ሰዓት እቆማለሁ። እጄ ደግሞ ይንቀጠቀጣል።

እጁ የሚንቀጠቀጥ ግንበኛ ምን እንደሚባል ገምቱ።

የዚያን ቀን ሶሌታ፣ ማለት የአርማታ ጣሪያ፣ እየሞላን ነበር። ባልዲው ከእጄ አመለጠ።

«ተዉት እሱን!» አለ አቻምየለህ። «ኪኒናም! በድጋፍ የቆመ ሰው እኮ ነው። ድጋፉን ብታወጡበት ይናዳል!»

ሳቁ። አብሮኝ የሚያድረው ኪዱ እንኳ ሳቀ።

ብልቃጡን ከኪሴ አወጣሁ። ሙሉ ነበር። ክዳኑን ከፍቼ ኪኒኑን እርጥቡ አርማታ ላይ ደፋሁት። አካፋ አለፈበት... ዋጠው።

ሥራውን ለማታውቁ ልንገራችሁ። አርማታ ሲሞላ ከሥሩ ሳንቃ ይነጠፋል። ሳንቃውን የሚሸከመው የባህር ዛፍ ድጋፍ ነው። ድጋፉ እግር ሥር ሽብልቅ ይመታል። አርማታው እስኪጠና ሦስት ሳምንት አይነካም። ሲወጣም ሽብልቁ በመዶሻ ቀስ እየተባለ ይላላል... አንድ ባንድ፣ ጣሪያውን እያዳመጡ። በአንዴ ያወጣ ሰው ጣሪያው አናቱ ላይ ነው የሚወርደው።

የእኛ ድጋፎች ሃያ አራት ነበሩ። ያቆምኳቸው እኔ ነኝ።

ማክሰኞ፣ አየር ማረፊያው ላይ የከረመው የመንግሥትና የጎሣ ታጣቂዎች ጦርነት ከተማው ውስጥ ገባ።

ከአየር ማረፊያው በኩል መድፍ ያጓራል። ሰው ፍራሹን ጭኖ ወደ ኢትዮጵያ ድንበር ይሸሻል። የሺሬ መኪና ሠራተኞቹን ልትወስድ መጣች። እኔ ከቤቱ ጀርባ አስታውካለሁ። ላብ አጥምቆኛል። ምድር ትዞራለች። ኪኒኑን ካቆምኩ ሦስተኛ ቀኔ ነው።

«አክሊልስ?» ሲል ሰማሁ ኪዱ።

«እንቅልፋሙን ተወው። ንዳው!» አለ አቻምየለህ።

ይሄ ሁለተኛው ነው። እሱንም መዝግቤዋለሁ።

ግድግዳውን ተደግፌ ስደርስ አቧራ ብቻ ቀርቷል። መንገዱ ጥግ ላይ ታጣቂዎች ድንጋይ ደርድረዋል። እንደ እኔ ያለ ኢትዮጵያዊ ደገኛ ካዩ ቅጥረኛ ነው ብለው እንደሚተኩሱ ሰምቻለሁ። ከፊት እነሱ። ከኋላ መድፍ። ከላይ ያልጠና አርማታ።

ግማሽ ጆንያ ሩዝና አንድ በርሜል ውሃ ነበረኝ። ሶሌታው ሥር ገብቼ ተጋደምኩ።

እንቅልፍ የለም። ትንሽ ካሸለብኩ ሕልሙ ከመንቃት ይብሳል። ልቤ ያለምክንያት ትሮጣለች።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ተኩሱ ቆመ። ሁሉም ጫቱን ይዞ የሚቀመጥበት ሰዓት ነው፤ ጦርነትም ቢሆን። ከተማው ጭጭ አለ። ጸሐዩ ፍጥጥ ብሏል።

ያኔ ነው የሰማሁት።

ጠ... ጠ... ጠ...

የመዶሻ ድምፅ ነው። በዝግታ፣ ሥራውን በሚያውቅ ሰው እጅ።

ተነሥቼ ዞርኩ። ማንም የለም።

ድጋፎቹን ቆጠርኩ። ሃያ ሦስት።

ደግሜ ቆጠርኩ። ሃያ ሦስት።

ፍራሼ ራስጌ ላይ ድጋፉን ከሳንቃው ጋር ያያዙት ሦስት ሚስማሮች ተደርድረዋል። ተነቅለው የተቃኑ፣ ለሌላ ሥራ የተዘጋጁ።

በማግስቱ በዚያው ሰዓት... ሃያ አንድ። ከዚያ አሥራ ስድስት። ከዚያ አምስት።

ድጋፉ ሲወጣ ሳንቃውም አብሮ ይወጣ ጀመር። ራቁቱን የቀረውን አርማታ ቀና ብዬ አየሁት። ነጫጭ ክብ ነገሮች አፍጥጠዋል። ኪኒኖቼ ናቸው። አርማታው ደርቋል... እነሱ ግን እርጥብ ናቸው። እንደ ዓይን።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ አንዱን ድጋፍ በሁለት እጄ አቀፍኩ። ይኼን ማን እንደሚያወጣው አያለሁ አልኩ።

ጠ...

ከእግሬ ሥር ነው። ሽብልቁ ብቻውን ወደ ኋላ ተንሸራተተ።

ጠ...

የሲሚንቶ ብናኝ ሽፋሽፍቴ ላይ ወረደ። ከላይ፣ ከአርማታው ውስጥ፣ አንድ ሰው ሹክ አለ።

«በአንዴ... በአንዴ ይውጣ...»

ይሄን የምናገረው አፍሬ ነው። በዚያች ሰዓት ልክ ነህ ብዬዋለሁ። የቀሩትን እኔው ልምታቸውና ይብቃኝ አልኩ። መዶሻ ፍለጋ መሬቱን ዳበስኩ።

«አንተ! ዋላሂ አብደሃል?»

የጀርባው ግድግዳ በመድፍ ተሸንቁሯል። በሽንቁሩ አንዲት ሴት ትመለከተኛለች። አስሊ ናት፣ የጎረቤት ነርስ። ድሬዳዋ ስላደገች አማርኛዋ ከእኔ ይሻላል። እናቷ ኻዲጃ መራመድ ስለማትችል አልሸሹም።

«ከጦርነቱ የአንተ መዶሻ ባሰብን» አለች በሹክሹክታ። «እናቴ መተኛት አቃታት። ማነው አብሮህ ያለው?»

«ማንም።»

«የሚመታው ማነው ታዲያ?»

እጄን ዘረጋሁላት። ውሃ ያለበት ጣሳ መያዝ የማይችል እጅ። አየችው። ከዚያ ገባች። ግንባሬን ነካች። የልቤን ምት ቆጠረች።

«ኪኒን ትወስድ ነበር?»

«የድብርት። ሦስት፣ ማታ ማታ።»

«መቼ አቆምክ?»

«የዛሬ ሳምንት።»

«በአንዴ?»

«በአንዴ።»

«ያ ረቢ! ለምን?»

«አፌ ደረቀ። እጄ ተንቀጠቀጠ። ሰው ሳቀብኝ።»

«እና ለሳቀብህ ሰው ብለህ ራስህን ትገድላለህ? ሲያስቸግርህ ለሐኪም ትነግራለህ፣ ይቀንስልሃል ወይ ይቀይርልሃል። ከላይህ ያለው ጣሪያ ድጋፉ በአንዴ ይወጣል እንዴ?»

ይህን ስትል ቀና አለች። ጣሪያውን አየች። የቆሙትን ድጋፎች በጣቷ ቆጠረች። አምስት። ፊቷ ተለወጠ።

«የቀሩትስ?»

በሽንቁሩ ወደ ጓሮ አመለከትኩ። አሥራ ዘጠኙ በቁመታቸው ልክ ተደርድረው ተጋድመዋል።

አስሊ ከዚያ በኋላ ስለ መዶሻው አልጠየቀችኝም። ጤና ጣቢያው ሳይዘረፍ አንድ ቆርቆሮ ኪኒን አትርፋ ነበር፤ እናቷም ለእግሯ ሕመም የምትውጠው ያንኑ ነው። ከዚያ አመጣችልኝ።

«ሁለት ትጀምራለህ። ለአንድ ወር። ከዚያ አንድ ተኩል። ከከበደህ እዚያው ትቆያለህ፣ አትዘልም። ይሄ የሚያዞርህ ነገር በሽታህ ተመልሶ ላይሆን ይችላል፣ በድንገት በማቆምህ ነው። ራሴን ልጉዳ የሚል ሐሳብ ከመጣብህ ግን ግድግዳውን ምታ። በማንኛውም ሰዓት። ሰማህ ወንድሜ?»

«ሰማሁ።»

«ማል።»

«በማርያም።»

በሁለት ቀን ውስጥ እንቅልፍ ወሰደኝ። መዶሻው ዝም አለ።

መንገዱ ይከፈታል፣ ይዘጋል። መሄድ የምችልበት ቀን ነበር። ኪኒኑ ያለው ግን አስሊ ጋ ነው፤ ሩዙና ውሃው ሲያልቅም የምታካፍለኝ እሷ ናት፤ ሳልጨርስ አልሄድም አልኩ። የዚያች ጣሪያ እስረኛ ሆንኩ።

ከወር በኋላ አንድ ተኩል ገባሁ። በዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ... ጠ... ጠ... ጠ...

አራት ድጋፍ ቀረ። ጣሪያው አልተንቀሳቀሰም። እኔም።

አንድ ፍሬ ስደርስ ሦስት ቀረ።

ግማሽ ስገባ ሁለት። ያኔ ግን ማዞሩ ተመለሰ፣ ላቡ ተመለሰ።

«ቸኮልን» አለች አስሊ። «ወደ አንድ ተመለስ። ምንም ነውር የለውም።»

ተመለስኩ። በማግስቱ ከጓሮው ክምር አንድ ድጋፍ ጎደለ። ሦስተኛው በቦታው ቆሟል። ሽብልቁ ተመቶ፣ ሚስማሩ ገብቶ።

አስሊን ጠርቼ አሳየኋት። «ቢስሚላህ» ብላ ወጣች።

እጄ ግን አልተንቀጠቀጠም። አፌም ምራቅ ይዟል።

ከአምስት ሳምንት በኋላ እንደገና ግማሽ። ሁለት ድጋፍ። ከዚያ ምንም። አንድ ድጋፍ።

ያቺ አንዷ፣ መሐል ላይ ያለችው፣ ኪኒን ካቆምኩ በኋላም ወር ሙሉ ቆመች። ማንም አልነካት። እኔም አልነካኋት።

ሰኔ ላይ አቻምየለህ ተመለሰ። ብቻውን ነበር። ልብሴን ሸክፌ በር ላይ ቆሜያለሁ፤ አስሊንና እናቷን ተሰናብቼ ጨርሻለሁ።

«ኪኒናሙ!» አለ እየሳቀ። «አለህ እንዴ? እኛማ ተዝካርህን ልናወጣ ነበር።»

ሦስተኛው።

አልፎኝ ገባ። ጣሪያው መሐል ቆሞ ቀና አለ።

«ድጋፉን ማን አወጣው? እንዲህ በንጽሕና? አንተማ አይደለህም!» ነጫጮቹን ክቦች አየና ዓይኑን አጠበበ። «ይሄ ነጭ ነገር ምንድነው? ለምንድነው... እርጥብ የሆነው?»

ሰዓቴን አየሁ። ዘጠኝ ሰዓት። ሰፈሩ ጭጭ ብሏል።

ጠ...

አቻምየለህ ወደ ድጋፏ ዞረ። ፊቱ ላይ ሳቁ ገና አልወረደም።

ጠ...

«አክሊል» አለ። በስሜ ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነው። ድምፁ ቀጥኗል። «አክሊል... ማነው እዚህ ውስጥ ያለው?»

ከላይ ያው ድምፅ «በአንዴ...» ብሎ ሹክ ሲል ሰማሁ።

ጓዜን ትከሻዬ ላይ አደረግኩ።

«አክሊል!»

ሦስተኛውን ምት ሳልጠብቅ ሄድኩ።