የታከለ አርባ

በሁለት ሺህ አሥራ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ታኅሣሥ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ በላይ አርማጭሆ ደጋ ጤፉ ተወቅቶ ገለባው በየአውድማው ተከምሮ ይታይ ነበር፤ ጎንደር ከተማ ደግሞ ከባሕር ማዶ ለገና ለሚገቡት እንግዶቿ አጥሯን ቀለም ትቀባ፣ በየአደባባዩም «እንኳን ደኅና መጣችሁ» የሚል ጨርቅ ትሰቅል ነበር። የጦርነቱ እሳት ገና አልበረደም፤ ከአዲ አርቃይ ወዲህ የተፈናቀለው ሕዝብ በየመጠለያው እንደ ሰፈረ ነው፤ ሆኖም በዓል በዓል ነውና በጉ ወደ ገበያ ይነዳ፣ ጠላውም ይጠነሰስ ነበር።

በዚያ ሰሞን ከሁሉ ይልቅ ለገና ሲሮጥ የሚታየው መምህር አስናቀው ነበር። አስናቀው የትክል ድንጋይ ገበሬ ልጅ ሲሆን፣ በትምህርቱ ገፍቶ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ታሪክ የሚያስተምር፣ አንደበቱ የተባ ሰው ነው። የቤቱን ግድግዳ በገዛ እጁ ቀባ፤ የቅርጫ በሬ ፍለጋ እስከ እንፍራንዝ ወረደ፤ ማንም ሳያዘው ለጎረቤት ሁሉ እንጨት አስመጣ። ባለቤቱ ዓይናዲስ ከውጭ ለሚመጣው ወንድሟ የተደረገ ክብር ነው ብላ ለሰው ታወራ ነበር፤ በልቧ ግን ባሏ ከምን እንደሚሸሽ ታውቃለች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ባለፈው ነሐሴ ጦርነቱ ወደ ዳባት በተጠጋ ጊዜ፣ አስናቀው በትውልድ ቀዬው በተጠራ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ «አገር ስትጠራው ከቤቱ የሚቀመጥ እሱን ወንድ ብዬ አልጠራውም!» ሲል ተናገረ፤ ሕዝቡም በእልልታና በፉከራ መለሰለት። በማግስቱ ከዘመቱት ጎረምሶች አንዱ ታናሽ ወንድሙ ታከለ ነበር፤ አስናቀው ግን ወደ ጎንደር ተመልሶ ማስተማሩን ቀጠለ። ኅዳር ሲጋመስ፣ ከታከለ ጋር የዘመተው አዳነ እግሩን ቆስሎ ጎንደር ሆስፒታል ገባና አስናቀውን አስጠርቶ፣ «ወንድምህን ወሎ ውስጥ ቀብረነው መጣን፤ ወሩ በገባ ሰሞን ነው የወደቀ» አለው።

አስናቀው መርዶውን ይዞ ቤቱ ገባ። ጎንደር ያሉት ዘመዶች ተሰብስበው ሲመክሩም፣ «እናቱ ብቻዋን ናት፤ ጾሙ ይፈታ፤ ገናን በደስታ ትዋል፤ ከዚያ ሽማግሌ ይዘን በማለዳ እናረዳታለን» አሉ። ወጉ እንዲህ ነውና የሚነቅፈው አልነበረም፤ አስናቀውም ከሁሉ ቀድሞ እሺ አለ። ከዚያ ወዲህ ግን እናቱ በደወሉ ቁጥር ሥራ በዝቶብኛል እያለ ፈጥኖ ይዘጋ ጀመር።

ከበዓሉ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ወደ ንስሐ አባቱ ወደ መምሬ እንኳየሁ ሄደ። መምሬ እንኳየሁ በቀሐ ኢየሱስ ቅጥር ከአንዲት የጽድ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ሁሉንም ከሰሙት በኋላ፣

«አርባውን ማን አወጣለት?» ሲሉ ጠየቁት።

አስናቀው በቀለሙና በበሬው ሲሮጥ አርባው ማለፉን አላሰበውም ነበር። ወንድሙ ያለ ፍትሐት፣ ያለ ተዝካር፣ ስሙ በአንድ ቄስ አፍ ሳይጠራ ቀርቷል።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ አባቴ። አሁን ምን ላድርግ?»

«ፍትሐቱ ከበዓሉ ማግስት ይደርሳል። ለአሁኑ በቅዳሴ እንዳስበው የክርስትና ስሙን ንገረኝ።»

አስናቀው ዐንገቱን ደፋ። «አላውቀውም» አለ። «የምታውቀው እናታችን ናት።»

«እንግዲያስ እሷን ጠይቃት» አሉ መምሬ። «መርዶ ማቆየት ወግ ነው፤ አልነቅፈውም። አንተን ግን ወጉ እንደ ደበቀህ አይቻለሁ፣ ልጄ።»

በማግስቱ፣ በገና ዋዜማ፣ አስናቀው ጠዋት ወደ ትክል ድንጋይ ሊነሣ ሲል ዓይናዲስ ከበር ላይ ያዘችው።

«ምነው አስናቀው! አንድ ቀን ጠብቅ እንጂ። በበዓል ዋዜማ እናቱን መርዶ የሚያረዳ ልጅ አለ? ሰውስ ምን ይለናል?»

«ስሙን ብቻ ጠይቄያት እመለሳለሁ» አላት። እንዲህ ሲል ከልቡ ነበር። ሰው ለሕያው ወንድሙም ጸሎት ያስደርጋልና፣ እናቱ እንደማይጠረጥሩ መንገዱን ሁሉ ሲያሰላ ሄደ።

ከትውልድ ቤቱ ሲደርስ እናቱ ወይዘሮ የትነበርሽ ጭቃና እበት ለውሰው መደብ ይለቀልቁ ነበር። ልጃቸውን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«ዛሬውኑ መጣህ? ሸጋ ነው! እጄ ጭቃ ነው፤ ጉንጬን ሳመኝ። ይህ የታከለ መደብ ነው፤ ሠራዊት የለመደ ሰው ከቁርበት ላይ አይተኛ ብዬ ላሳምረው ነው። ሙክቱንም ለሱ አስሬዋለሁ፤ ከበረት ሂድና እየው። እስቲ ደውልለትና አገናኘኝ፤ ለኔ ስልኩ እምቢ ብሎኛል።»

«ኔትወርክ የለም፣ እማዬ» አለ አስናቀው፤ ስልኩንም ከኪሱ አላወጣም። ጥቂት ቆይቶ፣ «የታከለ የክርስትና ስሙ ማን ነበር?» አላቸው።

«ኃይለ ሚካኤል ነዋ! ወንድምህ አይደል፣ እንዴት አታውቀውም?» ሳቁ። «ጸሎት ልታስደርግለት ነው? እኔም ጾሙን በሙሉ በሱ ስም ነው የያዝሁት፤ እስከ ማታ ውኃ አልቀመስሁም። በሰላም እንዲገባልኝ አሳስብልኝ፣ ልጄ። እ?»

ስሙ ተገኝቷል፤ ለመመለስ «እሺ» ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። አስናቀው ግን ጭቃው ላይ ተንበረከከና ጉልበታቸውን ያዘ።

«እማዬ፣ ታከለ የለም። ከሞተ ቆይቷል።»

ወይዘሮ የትነበርሽ አልጮኹም። እጃቸው እርጥቡ መደብ ላይ እንዳለ ቀረ።

«መቼ?»

«ኅዳር ሲገባ።»

«ጾሙ ሳይያዝ?»

«አዎ፣ ሳይያዝ።»

«ታዲያ እኔ ለማን ጾምሁ?» አሉ። ከዚያም ቀና ብለው ዓይን ዓይኑን አዩት። «አንተ መቼ ሰማህ?»

«እዚያው ኅዳር ላይ።»

«አርባውስ?»

አስናቀው አለቀሰ። «አላወጣሁለትም። እንዲዘምት ያደረግሁትም እኔ ነኝ፣ እማዬ።»

«አውቃለሁ። ‹አያ አስናቀው የተናገረው ልቤን ነክቶታል› ብሎኝ ነው የሄደ።»

ያን ጊዜ በጭቃ እጃቸው ደረታቸውን መቱ፤ ከውስጣቸው የወጣውን ድምፅ ሰምተው ከማዶ አውድማ ላይ የነበሩት ሰዎች መንሻቸውን ጥለው እየሮጡ መጡ። ቤቱ ወዲያው በልቅሶ ተናወጠ። የሰፈሩ ሽማግሌዎችም አስናቀውን በቁጣ አዩት፤ አንዱማ፣ «የተማረ ነው ይሉናል፤ አንድ በዓል መታገሥ ያቃተው!» ሲሉ ጮክ ብለው ተናገሩ።

ቀትር ካለፈ በኋላ እንባው ጥቂት ጋብ ሲል፣ ወደ እናቱ ቀርቦ «ይቅር በይኝ» አላቸው።

«አሁን ይቅር በይኝ አትበለኝ» አሉ ወይዘሮ የትነበርሽ፣ ፊቱን ሳያዩ። «አልችልም። እንጨት ፍለጥ፤ ልቅሶኛ ሲመጣ ያድራል። ለመምሬህም ደውል፤ ስሙ ነገ ይጠራ።»

አስናቀው ደወለ፤ ስሙንም ሁለት ጊዜ ተናገረ። ከዚያ ኮቱን አውልቆ መጥረቢያ አነሣ። ስንት ቀን ሙሉ ሲሮጥ ያላረፈው ልቡ፣ ማንም ይቅር ሳይለው፣ እዚያ እንጨት ፈለጣ ላይ ረጋ። በደሉ አልቀለለም፤ እንዲያውም አሁን ሙሉ ክብደቱ ተሰማው። ነገር ግን ከእንግዲህ የሚሸሸው ስላልነበረው ከጎን ከሚያለቅሱት ጋር አለቀሰ፤ ወንድሙንም በስሙ ጠራው።

የገና ጠዋት ወይዘሮ የትነበርሽ አዲሱን ነጠላ ትተው፣ የዘወትሩን ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቀው ለብሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጡ። አስናቀው ከኋላቸው ተከተለ። መንገዱ ላይ ድንጋይ ሲያደናቅፋቸው ክንዳቸውን ያዘ፤ እሳቸውም እጁን አላስለቀቁትም። የተሰናዳው ጠላ ለልቅሶኛ ተቀዳ፤ ዳቦውም ለነዳያን ተቆረሰ።

ከዚያ በኋላ አስናቀው ለሕዝብ እንዲናገር በተጠራ ጊዜ ሁሉ እምቢ ይል ነበር፤ ምክንያቱን ግን ለማንም አልገለጸም። እናቱም ይቅር ብዬሃለሁ የሚል ቃል ከአፋቸው ሳይወጣ፣ በየሳምንቱ እየመጣ እርሻቸውን ሲያይ ምሳውን አቅርበው ይጠብቁት ነበር።

የዚያ ዘመን ታሪክ ጸሐፊዎች የትኛው ከተማ መቼ እንደተያዘና መቼ እንደተለቀቀ፣ ማን ከማን ጋር እንደተፈራረመ ጽፈዋል፤ ወደፊትም ይጽፋሉ። የሞተውን ሰው በሺህ ይቆጥሩታል፤ በቁጥሩም ይከራከራሉ። በየቤቱ ግን መርዶ ያቆየም ነበር፣ ሳይረዳ የቀረም ነበር፤ ልጇ በሕይወት አለ ብላ ስትጾም የከረመች እናት ስንት እንደነበረች የጠየቀ የለም። ቢጠየቅም የሚመልሱት ያረዱት ብቻ ናቸው፤ እነሱም ብዙውን ጊዜ አይናገሩም።