ወርውር

እታፈራሁ ዲስከስ ከመወርወሯ በፊት የማትተዋቸው ነገሮች ነበሯት፤ አንዱን ከዘለለች እጇ ቀኑን ሙሉ የሰው እጅ ይሆንባታል። መጀመሪያ በሲሚንቶው ክብ ጠርዝ ላይ ቁጢጥ ብላ ሁለት ጣቷን አፈር ታስነካለች። የአንገቷን ማዕተብ ወደ ጀርባዋ ታዞራለች። ዲስከሱን ቀኝ ጭኗ ላይ አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ መታ ታደርገዋለች። ከዚያ ትንፋሿን አውጥታ «ሜዳ!» ብላ ትጮሃለች። ከወዲያ፣ ዲስከሱ ከሚወድቅበት ሳር ዳር፣ ሜትርና ችካል ይዛ የምትቆመው ጓደኛዋ ውብርስት ግራ ቀኙን አይታ፣ ሰው አለመኖሩን አረጋግጣ «ወርውሪ!» ትላታለች። ያለዚህ ቃል ክቡ ውስጥ የሚሽከረከር የለም። ለወንድ «ወርውር»፣ ለሴት «ወርውሪ»፤ ነገሩ ይኼው ነው።

ክለቡ መቼም በልማድ የተሞላ ነበር። ጦር ወርዋሪው አንድ ካልሲውን ገልብጦ ካላጠለቀ ጦሩን አይነካም። አሎሎ ወርዋሪዋ ብረቱን ሳትሰድበው አትገፋውም፤ «ሂድ ወዲያ አንተ ደንባራ!» ትለዋለች። እታፈራሁማ ለይቶላት ነበር። ክለቡ እንደገባች ለወንዶቹ «ወርውር» ባይ ሆና ስለሠራች፣ ከተማ መሀል የባጃጅ ሹፌር «ሜዳ! ሜዳ! አንድ ሰው!» ብሎ ሲጣራ እንኳ አፏ ሳታስበው «ወርውር» ይል ነበር። ሴቶቹ እንባ በእንባ እስኪሆኑ ይስቁባታል፤ አሰልጣኙ ጋሽ ልሳኑም ፊሽካውን እያወዛወዘ «ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ!» ይላታል። ሳቁ ያኔ ነበር፣ ጋሽ ጥላዬ ሳይሞት።

ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ የነሐሴ ጠዋት ሸዋንግዛው የሚባለው የክለቡ አንደኛ ወርዋሪ ክቡን ከሚያጥረው ከዚሁ የሽቦ መረብ ውስጥ የለቀቀው ሁለት ኪሎ ዲስከስ፣ ሳር አጫጁን ጋሽ ጥላዬን ችካል ሊነቅል ጎንበስ ባለበት ከጆሮው በላይ አገኘው። ድምፁ የቅል መሰበር ይመስል ነበር። ሽማግሌው ወዲያው አልወደቀም፤ ችካሉን እንደጨበጠ ሦስት እርምጃ ተራመደ፣ የረሳው ነገር እንዳለ ሁሉ ዞር አለ፣ ከዚያ ነው በግንባሩ የተደፋው። ሲገለብጡት ግማሽ ፊቱ ቦታው ላይ አልነበረም። ሸዋንግዛው ለፖሊስም ለዳኛም የተናገረው አንድ ነገር ነው፤ «ወርውር ተብያለሁ» አለ። ያን ቀን ወርውር ባይዋ እታፈራሁ ነበረች። «እኔ ምንም አላልኩም» አለች፣ እያለቀሰች። የምታለቅሰውን የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ አመኑና እሱን አራት ዓመት ፈረዱበት።

ብላለች! ኪሷ ውስጥ ቆሎ ነበራት፤ አፏን ሞልታ እያኘከች፣ የጫማዋን ክር ለማሰር አጎንብሳ ሳለ «ሜዳ!» ሲል ሰማችና ቀና ሳትል፣ ጋሽ ጥላዬ የት እንዳለ ሳታይ፣ ከልማድ ብቻ «ወርውር» ብላለች። ከዚያ በኋላ እውነቱን ለመናገር ያላሰበችበት ቀን የለም፤ ግን ውሸት አንዴ ከተቀመጠ መነሻው ጭንቅ ነው። ዛሬ ነገ ስትል ሁለት ዓመት ሊሞላ፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ጦር ወርዋሪው ልብሱን እየቀየረ «ሸዋንግዛው አረፈ አሉ፣ እዚያው እስር ቤት፣ በትኩሳት» ብሎ ነገራቸው። ሁሉም ነፍስ ይማር አሉ። እሷም አለች።

ነሐሴ ገባ። የደብረ ብርሃን ጉም ያን ሰሞን ከሜዳው አልነሳ ብሎ፣ በማለዳ ሲደርሱ ከሳሩ ጋር ተጣብቆ ይጠብቃቸዋል፤ የራሰ ባሕር ዛፍና የበግ በጠጥ ይሸታል፣ የመረቡ ሽቦ ጠብ ጠብ እያለ ውሃ ያነጥባል፣ ውብርስትም ሜትሯን ይዛ ሃያ እርምጃ ከሄደች በኋላ ድምፅ ብቻ ሆና ትቀራለች። ጋሽ ልሳኑ ልምምድ አላቋረጠም። ለመስከረሙ የቡድን ምርጫ አርባ ሁለት ሜትር ያስፈልጋል፤ የእታፈራሁ ትልቁ ውርወራ ሠላሳ ዘጠኝ ነው።

ሰኞ ዕለት አፈሩን ነካች፣ ማዕተቧን አዞረች፣ ዲስከሱን ጭኗ ላይ መታ አደረገች። ከዚያ እጇ እንደገና መታ። ከዚያ ሦስተኛ። ገርሟት እጇን አየችው። ስትወረውር ግን አርባ ሜትር ከሃያ ሆነ፤ ጋሽ ልሳኑ «እሰይ የኔ አንበሳ!» ብሎ ፊሽካውን ሳመው።

ማክሰኞ ግራ መዳፏ ላይ እንትፍ አለችና ቁምጣዋ ላይ አበሰችው። ምራቅ የሚጠየፍ ሰው ቢኖር እሷ ናት፤ ከሰው ኩባያ ውሃ አትጠጣም። ረቡዕ ደግሞ ጭኗን ትታ ዲስከሱን የመረቡ ብረት ላይ መታችው፣ ቋ፣ ቋ፣ ቋ፤ የብረቱ ጩኸት በጉሙ ውስጥ ሄዶ ሄዶ ቀረ። ያኔ ነው ያወቀችው። እንትፍ ማለት፣ ቁምጣ ላይ ማበስ፣ ብረቱን ሦስት ጊዜ መምታት የሸዋንግዛው ነው። አንድ ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ከሜዳው ወዲያ ሆና ሰምታዋለች፤ ከሦስተኛው ቋ በኋላ «ሜዳ!» ይላል፣ እሷም ትመልሳለች።

ማዕተቧን ማዞሯን ረስታ ነበርና ስትሽከረከር መስቀሉ ተወርውሮ ከንፈሯን ሰነጠቀው። ደሙ እስከ አገጯ ወረደ፤ ዲስከሱ አርባ አንድ ተኩል ሄደ። ደሟን በክንዷ ጠርጋ ሌላ አነሳች። ትተው ነበር? ማን ይተዋል፣ አርባ ሁለት እዚህ ጋ ሆኖ!

በዚያ ቀን ነው መልሱም የተለወጠው። «ሜዳ!» ስትል ከጉሙ የመጣላት «ወርውር» ነበር። መጨረሻዋን ጉሙ በላት ብላ ወረወረች። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም «ወርውር» ሆነ።

«አንቺ፣ ወንድ አደረግሽኝ እንዴ?» አለቻት ውብርስትን፣ ሻንጣቸውን ሲያነሱ።

«ምን አድርጌ?»

«ወርውር፣ ወርውር ትይኛለሽ።»

«ኧረ ወዲያ! ወርውሪ ነው ያልኩት፤ ጆሮሽን ታጠቢ» ብላ ሳቀችባት። እታፈራሁም ሳቀች፤ የተሰነጠቀው ከንፈሯ እንደገና ደማ።

ሐሙስ ቃሉ ቀድሞ መጣ። እሷ ገና ብረቱን ሦስተኛ እየመታች፣ አፏን ሳትከፍት፣ ከጉሙ ውስጥ «ወርውር» አላት፤ ከወትሮው ይቀርባል፣ ደግሞም አፉ ነገር የያዘ ሰው ዓይነት የታፈነ ነበር። እግሯ አልጠየቃትም፣ ዞረች፣ ለቀቀች። ዲስከሱ ሲያርፍ ሳር ላይ እንደሚያርፍ ድፍ አላለም። አንዴ ቀጭን ጩኸት ተሰማ፤ ከዚያ የክለቡ ውሻ ቡቺ ወገቡ ተቆርጦ፣ የኋላ እግሮቹን እንደ እርጥብ ጨርቅ እየጎተተ፣ በፊት እግሮቹ ብቻ ሳሩን እየቧጠጠ ከጉሙ ውስጥ ወጣ። ወደ እሷ ነበር የሚመጣው። ዕድሜ ልኩን ዳቦ ያበላችው እሷ ስለነበረች ይሆናል። ጋሽ ልሳኑ የችካል መዶሻውን አንስቶ «ዞር በይ» አላት፣ እሷ ግን አልዞረችም፤ አንዴ መታው፣ አልበቃውም፣ ደገመው።

ዓርብ ልምምድ አልሄድም ብላ ስታስብ አድራ ሄደች። ከቤት ስትወጣ እግሯ የየዕለቱን መንገድ ያዘ እንጂ እሷ አልወሰነችም። ክቡ ውስጥ ገብታ ዛሬ እንደ ራሴ ብላ ቁጢጥ አለች፤ አፈሩን ነካች፣ ማዕተቧን አዞረች፣ ጭኗ ላይ አንዴ መታች። እፎይ አለች። ከዚያ ግራ እጇ ተነስቶ አፏ ዘንድ መጣ። እንትፍ። ቁምጣዋ ላይ አበሰችው። ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

«ሜዳ!»

«ወርውር።»

አጠገቧ ያለ ሰው ድምፅ ነበር። ዲስከሱ ከእጇ ሲወጣ እንዲህ ያማረ ውርወራ በሕይወቷ ወርውራ እንደማታውቅ ታወቃት፤ ወዲያው ወፍራም ጭራሮ በጉልበት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ፣ ቀጥሎም የውብርስት ጩኸት። እየሮጡ ሲደርሱ ውብርስት ሳሩ ላይ ተቀምጣ ቀኝ ክንዷን ትመለከት ነበር። ክንዷ ከክርኑ በታች ወደማይታጠፍበት ታጥፎ፣ ነጩ አጥንት በሹራቧ ቀዳዳ ወጥቶ፣ ደሙ በሜትሩ ቢጫ ላይ እየፈሰሰ ቁጥሮቹን ይሸፍናል።

«እኔ ምንም አላልኩም!» አለች ውብርስት፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ። «በማርያም፣ ምንም አላልኩም! ሜትሩን እየጠቀለልኩ ነበር!»

ጋሽ ልሳኑ ክንዷን በሻርፑ እያሰረ፣ ቀና ሳይል «ማነው ወርውሪ ያለሽ?» ብሎ እታፈራሁን ጠየቃት።

«ወርውር ተብያለሁ» አለች።

የአሰልጣኙ እጅ ቆመ። ቀስ ብሎ ቀና አለና አያት፤ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ አይቷት አያውቅም።

«ይኼን ነገር ሌላ ሰው ብሎኝ ነበር» አለ። «አላመንኩትም። ነገ ጠዋት ቢሮ እጠብቅሻለሁ፣ እውነቱን ትነግሪኛለሽ።»

ውብርስትን በባጃጅ ወደ ሐኪም ቤት ሲወስዷት እታፈራሁ ደም የነካውን ሳር እያየች ቆማ ቀረች። ያ ድምፅ የማን እንደሆነ ያኔ ገባት። የሸዋንግዛው መስሏት ነበር፤ የጋሽ ጥላዬ ነው ብላም ፈርታ ነበር። የሁለቱም አይደለም። ቀጭን የሴት ልጅ ድምፅ ነው፣ አፏ ቆሎ ሞልቶት የምትናገር የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ። አላልኩም ተብሎ የተካደ ቃል የትም አልሄደም፤ እዚያው ሜዳው ላይ ቆሞ ሥራውን ይሠራል። ተንሰቀሰቀች፤ ያለቀሰችው ለጋሽ ጥላዬ ይሁን ለሸዋንግዛው ወይስ ለውብርስት ክንድ፣ እሷም አልለየችውም።

ቅዳሜ ማልዳ ተነሳች። ትናገራለች፣ በቃ። ክለቡ ቢያባርራት ያባርራት፣ ቢያስሯትም ይሰሯት፤ ቢያንስ የሸዋንግዛው እናት ልጇ ውሸታም እንዳልነበረ ትሰማ። ወደ ቢሮው የሚያስኬደው መንገድ በሜዳው መሀል ያልፋል፤ ጉሙ ደግሞ እጇን ብትዘረጋ ጣቷን የማያሳይ ሆኗል። ልምምድ የለም፣ ሰው የለም፣ ዲስከሶቹን ትናንት በገዛ እጇ ዕቃ ቤት አስገብታ ቆልፋባቸዋለች፤ ቁልፉ ኪሷ ውስጥ ነው። የራሷ ጫማ ጭቃውን ሲረግጥ ከሚያሰማው በቀር አንድም ድምፅ አልነበረም።

ጋሽ ጥላዬ የወደቀበት ቦታ ስትደርስ ቆመች። ያንን ሥፍራ ዓይኗን ጨፍና ታውቀዋለች።

«ጋሽ ጥላዬ» አለች፣ ጮክ ብላ። «ሸዋዬ። እኔ ነኝ። ብያለሁ። ሳላይ ነው ያልኩት።»

 ደረቷ ላይ ለሁለት ዓመት የተቀመጠው ነገር ሲነሳ ተሰማት፤ በእግዜር፣ እንዲህ ቀላል ኖሯል! ፊቷን ጠርጋ ልትሄድ ስትል እግሯ አንድ ነገር መታ። ትናንት በግርግር ሳይነቀል የቀረ ችካል ነው። ሰው ያደናቅፋል ብላ ልትነቅለው ጎንበስ አለች፤ ጭቃው አጥብቆ ይዞታልና በሁለት እጇ ታገለችው።

ያኔ ከመረቡ በኩል ሰማችው። እንትፍ። ከዚያ ጨርቅ ላይ የሚታበስ መዳፍ። ከዚያ ብረቱ፣ ቋ፣ ቋ፣ ቋ፣ ሳይቸኩል።

«ሜዳ!» አለ አንድ ወንድ።

ቁጣ አልነበረበትም። እንደ ድሮው፣ አምኗት፣ መልሷን የሚጠብቅ ሰው ድምፅ ነበር፤ ካልተባለ የማይወረውር ሰው። ቁም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ቁም፣ ሰው አለ፣ እኔ አለሁ። ቃሉን ደረቷ ውስጥ አገኘችው፣ እስከ ጉሮሮዋ አመጣችው፤ ከንፈሯም ተከፈተ፣ ምላሷ ላይ ግን የቆሎ ጣዕም ነበር።

«ወርውር» አለች እታፈራሁ፣ ከልማድ፣ ቀና ሳትል።