የሁለት ጊታር መዝሙር

ቤኒ የሞተው ቅዳሜ፣ የተቀበረው እሑድ ነው። ኢንስፔክተር ሐመልማል በዴሳ ከተማ የከብት ስርቆት ስታጣራ ሰንብታ ሶዶ የገባችው ሰኞ ጠዋት ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ ባልደረባዋ ሳጅን ጌታነህ ተጠርጣሪ ይዞ፣ ቃል ተቀብሎ፣ መዝገቡን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጦላት ነበር። ተጠርጣሪዋ ምሕረት የምትባል የሃያ ዓመት ልጅ ናት። ከቤሌ መጥታ ሶዶ ውስጥ ኮሌጅ ትማራለች፤ ሟቹ ጊታር በሚጫወትበት የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ቡድን ውስጥም ትዘምራለች። ማክሰኞ ጠዋት ፍርድ ቤት ትቀርባለች። በሰው መግደል ከተፈረደባት ወጣትነቷ እስር ቤት ውስጥ ያልቃል።

ጌታነህ ነገሩን ያለቀለት አድርጎ ነው የነገራት። ቅዳሜ ከሰዓት መዘምራኑ አዲስ ሲዲ ሊቀዱ ስቱዲዮ ተሰብስበዋል። ሁለቱ ጊታር ተጫዋቾች፣ ቤኒና የስቱዲዮው ባለቤት ሚልክያስ፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ቀረጻ ክፍሉ ገብተው በሩን ዘጉ፤ ቀዩንም መብራት አበሩ። ቀይ መብራት ሲበራ ማንም አይገባም። ከስምንት ሰዓት እስከ ስምንት ተኩል የጊታራቸው ድምፅ በረንዳው ላይ በተሰቀሉት ሁለት ስፒከሮች ለመዘምራኑ ተሰማ። ከዚያ ሚልክያስ ብቻውን ወጥቶ ከመዘምራኑ ጋር ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ ምሕረት ለቤኒ ሻይ ይዛ ገባች፤ አምስት ደቂቃ ያህል ዘግይታም እጇ በደም ተነክሮ ወጣች። ቤኒ ጭንቅላቱን በማይክ ማቆሚያ ብረት ተመትቶ ወለሉ ላይ ተዘርሮ ነበር።

«ጊታሩ እስኪያቆም ድረስ ልጁ በሕይወት አለ» አለ ጌታነህ። «ከዚያ በኋላ የገባችው እሷ ብቻ ናት። ዓርብ ዕለት ደግሞ ከቤኒ ጋር ጓሮ ቆማ ስታለቅስ ታይታለች። ለምን አለቀስሽ ስትባል ዝም ነው።»

«ቤኒ ሲጫወት ያየው ሰው አለ?»

«ማየት ምን ያደርጋል? ሃያ ሰው ሰምቶታል።»

ሐመልማል መዝገቡን በብብቷ ይዛ ወጣች።

ስቱዲዮው ከመናኸሪያው ጀርባ ባለ ግቢ ውስጥ ያለ የጭቃ ቤት ነው። ማኅተሙን ቀድዳ ስትገባ ሽታው ገፍትሮ ሊመልሳት ነበር። ድምፅ እንዳያመልጥ ተብሎ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በእንቁላል መያዣ ካርቶን ተለብጧል። ግማሾቹ ካርቶኖች ላይ የፈሰሰ አስኳል ደርቋል፤ በየጎድጓዳቸው በረሮ ይርመሰመሳል። ምንጣፉ ደሙን ጠጥቶ ጠቁሯል፤ ዝንብ ሰፍሮበታል። ሐመልማል በሥራዋ ብዙ የሚያስጠላ ነገር አይታለች፤ አልለመደችውም፤ መልመድም አትፈልግም። መሐረቧን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ክፍሉን ጥግ ጥጉን አየችው።

ሚልክያስ ደጃፉ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። አርባ የሚሞላው፣ ጥቁር ኮት የለበሰ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። ቤኒን ወንድሜ ይለዋል። ምሕረትን ምስኪን እህታችን ይላታል። ባወራ ቁጥር ዓይኑን በነጭ መሐረብ ይጠራርጋል፤ መሐረቡ ግን እንደ ደረቀ ነው።

አቀዳዱን ስትጠይቀው ሐዘኑን ረስቶ ያስረዳት ጀመር። በግራው ስፒከር የሚሰማው የእሱ ጊታር፣ በቀኙ የሚሰማው የቤኒ ነው። አንድ ጊታር ብቻውን መሃል ላይ ሲሰማ ድምፁ ጠባብ ይሆናል፤ ሁለት ሰው ያንኑ ዜማ ግራና ቀኝ ሆኖ ሲጫወተው ግን ቤቱን ይሞላዋል።

ሐመልማል መደርደሪያው ላይ ያለ ጡብ የሚያህል የብረት ሳጥን አመለከተችው። አራት የላስቲክ እግሮች፣ አናቱ ላይም በእግር የሚረገጥ ቁልፍ አለው።

«ይህስ?»

«ደብለር ይባላል። አንድ ጊታር ሲያስገቡበት ሁለት አድርጎ ያወጣል። አንዱን እንዳለ በግራ ይልከዋል። ግልባጩን ትንሽ አዘግይቶ፣ ቃናውንም በጥቂቱ አዛንፎ በቀኝ ያወጣዋል። ሁለተኛ ሰው ለሌለው ነው እንጂ እኛ አንፈልገውም። ቤኒ ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከመደርደሪያው አውርጄው አላውቅም።»

ሐመልማል ሳጥኑን በመሐረብ አንስታ ገለበጠችውና ለረጅም ጊዜ አየችው። መልሳ አስቀመጠችውና ክፍሉን ቆልፋ፣ ቁልፉን ኪሷ ከትታ፣ ግቢው ውስጥ ወዳለው ቧንቧ ሄደች። እጇን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠበች። ሚልክያስ በረሮው አስጠልቷት መሰለው፤ ይቅርታም ጠየቃት። ከዚያ ሳትጠይቀው፣ ቅዳሜ ከክፍሉ ይዞት የወጣውን የቀረጻ ሲዲ ከኮቱ ኪስ አውጥቶ ሰጣት። የቤኒ የመጨረሻ እጁ ነውና ለማስረጃ ይሁንዎት አለ።

ትርፌ የሴቶቹ መሪ ናት። ቤኒ የብቻ ዜማውን ከእሷ ወስዶ ለምሕረት በመስጠቱ ቅር ብሏት እንደነበረ አልደበቀችም። መዘምራኑ ቅዳሜ የተቀመጡበትን አሳየቻት። በቤተ ክርስቲያናቸው ልማድ ሴት በግራ፣ ወንድ በቀኝ ነው የሚቀመጠው፤ በልምምድም ይኸው ነው። ሴቶቹ ከግራው ስፒከር ሥር፣ ወንዶቹ ከቀኙ ሥር ይሆናሉ። መሃሉ መተላለፊያ ስለሆነ ማንም አይቀመጥበትም።

«እኛ የምንከተለው ወንድም ሚልክያስን ነው» አለች። «ያን ቀን ሦስተኛው ስንኝ ላይ ጣቱ ሳተችና ክሩ ጮኸ። ሴቶቹ ሳቁ፤ እኔ ተቆጣሁ።»

አቶ ባዳቾ የመዘምራኑ ሽማግሌ ናቸው፤ ወንዶቹን በወፍራም ድምፃቸው ይመራሉ። ከቤኒ ጋር ብዙ ጊዜ ተጋጭተዋል፤ የኤሌክትሪክ ጊታር ለአምልኮ አይመጥንም ባይ ናቸው። ሐመልማልን ሲያናግሩም ከንፈራቸውን ይመጥጡ ነበር።

«እጁ ግን ንጹሕ ነበር» አሉ። «ቤኒ አይሳሳትም። ቅዳሜ ብቻ ነው እኔ ስሰማ ያጠፋው። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ክሩን አስጮኸው። ዛሬ ምን ነካው ብዬ ለልጆቹ ተናገርኩ።»

ሐመልማል ሁለቱን ቃሎች አንዱን ከሌላው ሥር ጻፈቻቸው።

ምሕረትን ጣቢያው ውስጥ አገኘቻት። ልጅቷ ግድግዳ ግድግዳውን እያየች ነው የምትመልሰው። ስትገባ ቤኒ ወድቆ ነበር፤ አልሞተም ብላ ቀና ልታደርገው ታገለች፤ ድምፅ ሊወጣላት አልቻለም። ሻይውን እንድትወስድ ያዘዛት ሚልክያስ ነው፤ ቤኒ ክር እየቀየረ ስለሆነ አድርሺለት ብሏታል። የዓርቡ ለቅሶ ሲነሳ ግን ፊቷን ጨርሳ አዞረች።

«ለቤኒ የነገርሽው ስለ ሌላ ሰው ነው?»

የምሕረት እጅ ሳታውቀው ሄዶ የሹራቧን አንገት ጨብጦ ዘጋው። ሐመልማል ገባት። ሌላም አልጠየቀቻትም።

ቢሮዋ ገብታ ሲዲውን ከፈተች። መጀመሪያ የቀኙን ስፒከር ነቅላ ግራውን ብቻ ሰማች። ቀጥላ ግራውን ነቅላ ቀኙን። በመጨረሻ ሁለቱንም ሰክታ መሃል ላይ ተቀመጠች። ሦስተኛውን ስንኝ አሥር ጊዜ ያህል መላልሳ ሰማችውና ጌታነህን ጠርታ፣ አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም ቅዳሜ የነበሩበት ቦታ እንዲገኙ አዘዘችው።

አሥር ሰዓት ላይ ሴቶቹ በግራ ወንዶቹ በቀኝ በረንዳው ሥር ተቀመጡ። ምሕረት ያለ ካቴና ከሐመልማል ጎን ቆማለች፤ ቀና ብሎ የሚያያት የለም። ሚልክያስ ማንም ሳይጠይቀው በጸሎት እንጀምር ብሎ ተነሳና፣ የእህታችንን ልብ አለስልሰህ ኃጢአቷን እንድትናዘዝ እርዳት እያለ ረጅም ጸሎት ጸለየ። ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው ነው። ሐመልማል ጥርሷን ነክሳ አሜን እስኪባል ጠበቀች።

ከዚያ ትርፌንና አቶ ባዳቾን አስነስታ ማንም በማይቀመጥበት መተላለፊያ ላይ ጎን ለጎን አቆመቻቸው። ሲዲውንም ከሦስተኛው ስንኝ ከፈተችው። ክሩ ሲጮህ ትርፌ ደንገጥ አለች።

«ሁለቱም ሳቱ» አለች። «አንድ ላይ።»

«ቀኙ ትንሽ ዘግየት ይላል እንጂ ያው ነው» አሉ ባዳቾ።

ሚልክያስ ፈገግ አለ። ለሁለት ዓመት አብረው ስለተለማመዱ እጃቸው ተመሳስሎ መሆኑን አስረዳ።

ሐመልማል ትርፌንና ባዳቾን እኩል አሥር ጊዜ እንዲያጨበጭቡ ጠየቀቻቸው። አጨበጨቡ። አንዴ ትርፌ ቀደመች፣ አንዴ ባዳቾ፣ አንዴ ገጠሙ።

«ሁለት ሰው እንዲህ ነው» አለች ሐመልማል። «በዚህ ቀረጻ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ግራው ይቀድማል፣ ቀኙ በዚያው መጠን ይከተላል። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ቀኙ አልቀደመም። ግራው ሲሳሳት ቀኙም ይሳሳታል። ይህ ሁለት ሰው አይደለም፤ አንድ እጅና የእጁ ግልባጭ ነው። ሴቶቹ ሚልክያስን ሰማን አላችሁ፣ እውነት ነው። ወንዶቹም የሰማችሁት ሚልክያስን ነው። መሃል የተቀመጠ ሰው ስለሌለ ማንም አላስተዋለም። ሚልክያስ ይህን ልማዳችሁን ያውቃል።»

ሚልክያስ ራሱን ነቀነቀ። ደብለሩን እንደተጠቀመ አመነ። ቤኒ ጣቱን አሞት ተቀምጦ ያዳምጥ ነበር አለ፤ የሟቹን ስም ላለማሳነስ ሲል ብቻ ነው ሁለት ሆነን ተጫወትን ያለው። መልሱ ጥሩ ነበር፤ ጌታነህም ምን ትላለች ብሎ ፊቱን ወደ ሐመልማል መለሰ።

«ሳጥኑን ከየት አወረድከው?» አለች ሐመልማል። እርስዎ ማለቱን ትታዋለች።

«ከመደርደሪያው።»

«የት አስቀመጥከው?»

«ወለሉ ላይ ነዋ። በእግር ነው የሚረገጠው።»

«መቼ መለስከው?»

«ተጫውቼ ስጨርስ። ከመውጣቴ በፊት።»

«ከወጣህ በኋላ ማንም አልነካውም፤ ሳጅን ጌታነህ ያኔውኑ ክፍሉን አሽጎታል። የሳጥኑ አናት ንጹሕ ነው። ሥሩ ግን፣ አራቱም የላስቲክ እግሮች፣ ደም ደርቆባቸዋል። ምሕረት ስትገባ ሳጥኑ መደርደሪያው ላይ ነበር። ወለሉ ላይ የነበረው አንተ ስትጫወት ብቻ ነው። ስለዚህ ስትጀምር ደሙ ቀድሞህ ወለሉ ላይ ነበር። ሰባት ተኩል ላይ በሩን ዘግተህ መታኸው፤ ካርቶኑ ድምፁን ዋጠው። ስምንት ሰዓት ላይ ሳጥኑን ደሙ ውስጥ አቁመህ፣ በእግርህ እየረገጥክ፣ ሬሳው አጠገብህ ተጋድሞ ግማሽ ሰዓት መዝሙር ተጫወትክ። ከዚያ ወጥተህ እዚህ ተቀመጥክና ይህችን ልጅ ሻይ አስይዘህ ላክሃት።»

ትርፌ አፏን በነጠላዋ ይዛ ወደ ጓሮ ሮጠች፤ ስታስመልስ ሁሉም ሰማት። ሚልክያስ መሐረቡን ኪሱ ከተተው።

ባዳቾ በቀሰስተኛ ድምፅ ለምን ብለው ጠየቁ። ሐመልማል እሱን መናገር የእሷ ፋንታ እንዳልሆነ ነገረቻቸውና ወደ ምሕረት ዞረች። ሐመልማል አላቻኮለቻትም።

«ለብቻሽ ድምፅሽን ልቅዳ ብሎ ይጠራኛል» አለች በመጨረሻ። «በሩን ይዘጋና ቀዩን መብራት ያበራል። እጁን... እምቢ ስለው ከመዘምራን አስወጥቼ ስምሽን አጠፋለሁ አለኝ። ዓርብ ለቤኒ ነገርኩት። ቤኒም ሄዶ፣ እሑድ በጉባኤ ፊት እናገርብሃለሁ አለው።»

ከሴቶቹ መሃል ሁለቱ ጉልበታቸው ላይ አቀርቅረው ማልቀስ ጀመሩ። አንዷ ዓምና ይህንኑ ለአቶ ባዳቾ ነግራቸው ነበር። እሳቸው ግን ጸልዪበት ብለው ጆሮ ዳባ ልበስ ብለዋል። አሁን የጫማቸውን ጫፍ ያያሉ። ጌታነህ ካቴናውን ሲያጠልቅለት ሚልክያስ «ሰይጣን ነው ያሳሳተኝ፣ ሰይጣን ነው» እያለ ለመዘምራኑ ይምል ነበር። ሐመልማል ከፊቷ እንዲያነሳላት በእጇ ምልክት ሰጠች፤ ድምፁን መስማት እንኳ ሰልችቷታል።

መኪናው ከሄደ በኋላ አቶ ባዳቾ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እህት ምሕረት፣ ይቅር በይን። በእርግጥ ሦስቱንም ቀን ስንጸልይልሽ ነበር።»

ምሕረት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻቸው።

«ጣቢያው በር ላይ ምግብ ሲመጣ የእስረኛው ስም ይጠራል፣ አባ» አለች። «ቤሌ ያሉት ወላጆቼ መታሰሬን እንኳ አልሰሙም። ሦስት ቀን ሙሉ ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅኩ። ከሃያ ሰው አንድ እንኳ ስሜን አላስጠራም። ያበላችኝ አስናቀች የምትባል፣ ገበያ ውስጥ ኪስ ስታወልቅ የተያዘች ሴት ናት። ከእህቷ ከሚመጣላት ላይ እያካፈለች።»

ምሕረት ሐመልማልን እጅ ነስታ ከግቢው ወጣች። መናኸሪያው ጋ የቤሌ መኪና ሰው እየጠራ ነበር፤ እሷ ግን አልፋው ሄደች። ጥግ ላይ ካለች ሱቅ ዳቦና ሙዝ ገዝታ ወደ ጣቢያው ተመለሰች። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ አወቃትና ምን ረሳሽ አላት።

«አስናቀችን ጥራልኝ» አለች።