ከድልድዩ ማዶ የተያዘ ቦታ

አየሩን የሚያጣራው ማሽን አካሉን ካጣ ስድሳ ዓመት አልፎታል። በጠፈር መርከቧ በ«ሰገነት» ላይ ግን ይህ ማንንም አይገርምም ነበር። ብረቱ አርጅቶ ሲወድቅ ጠባዩ እንዳለ ወደ ዋናው ኮምፒውተር ተገልብጦ ምናባዊ ማሽን ሆነ፤ አካል የሌለው፣ አስመሳይ ፕሮግራም የሚያኖረው ማሽን። እሱ ራሱ መሞቱን አልሰማም። በሳተርን ዙሪያ ለሚኖሩ አራት መቶ ነፍሶች ዛሬም የብረቱን ማጣሪያ እያዘዘ አየር ያጣራል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ማጣሪያው ከነሶኬቱ ተቃጠለ። መሐንዲሱ አንዷለም አዲስ ማጣሪያ ገጠመ። መብራቱ በራ፤ ማሽኑ ግን አላየውም። በዋናው መስመር ላይ የቀሩት ሶኬቶች ሞልተው ስለነበር የገጠመው ከድልድይ ማዶ ነበር፤ ድልድይ የሚሉት አንዱን መስመር ወደ ብዙ የሚከፍለውን መጋጠሚያ ነው። አስመሳዩ ፕሮግራም ደግሞ ከድልድይ ማዶ የመጣን መሣሪያ ለማሽኑ መንገር አልተማረም።

«አጥፍተን ብናስነሳውስ?» አለች አዛዧ ዝናሽ።

«ከተነሳ አይደል? ስድሳ ዓመት ሙሉ ጠፍቶ አያውቅም። ያለን አየር የአምስት ሰዓት ነው፤ እምቢ ካለ አለቀልን።»

አንዷለም ወደ አትክልቱ ክፍል ሮጠ። አስመሳዩን ፕሮግራም ከጻፉት ሰዎች በሕይወት የቀሩት እትዬ አስካለ ብቻ ናቸው። ቲማቲም ሲገርዙ አገኛቸው።

«እትዬ፣ ማሽኑ እንግዳውን ማጣሪያ አላይ አለ።»

«አላይ አላለም፤ የነገረው የለም» አሉ፤ እጃቸውን ታጥበውም ዝናሽ ወዳለችበት ወደ ማጣሪያው ክፍል ተከተሉት።

ጣታቸው ስለሚንቀጠቀጥ እሳቸው ይናገራሉ፣ እሱ ይጽፋል። እያንዳንዱ ድልድይ ደጁ ላይ የመጣውን ራሱ እንዲያሳውቅ አደረጉ። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ አንድም ቃል አልሳቱም። አንዷለም እጁ እየጻፈ ዓይኑ ከፊታቸው አልነቀል አለው። ሥራውን በጀመሩ በሦስተኛው ሰዓት ግን እጁን ይዘው አስቆሙት።

«ምነው እትዬ?»

«ማሽኑ ለየድልድዩ ቦታ የሚያከፋፍለው ሲነሳ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ባዶ ለነበረ ድልድይ ቦታ ካልያዘ፣ እንግዳው መምጣቱን ቢሰማም የሚያስቀምጥበት የለውም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ሞክረው እንጂ፣ ሌላ ምን አለን?»

አንዷለም የማስጀመሪያውን ቁልፍ ተጫነ። ለጥቂት ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ ማጣሪያው ማጉረምረም ጀመረ፤ ቀዝቃዛ አየር ፊታቸውን ዳሰሳቸው። አዛዧ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች።

አንዷለም ማመን አቃተው። የማሽኑን የመጀመሪያ ኮድ ከፍቶ ሲፈልግ፣ ከዘጠና ዓመት በፊት የተጻፈ መስመር አገኘ። ስሙን ያልጻፈ አንድ ሰው ለእያንዳንዱ ባዶ ድልድይ አንዳንድ ቦታ ይዞ፣ ከጎኑ እንዲህ ብሎ ነበር፦ «አሁን ማንም የለም። ይሁን፤ የሚመጣ አይጠፋም።»

እትዬ አስካለ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህ ማሽን መጀመሪያ የተሠራው ለአንድ የጨርቅ ፋብሪካ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ሰውዬው መርከብ አላየ፣ እኛን አላወቀ።»

አንዷለም ቀኑን ሙሉ ለማሽኑ ዕድሜ ሲጨነቅ ነበር የዋለው። ያተረፋቸው ግን ለማያውቀው ሰው ቦታ ይዞ ያቆየ ሰው ነበር።

የተያዘው ቦታ አሁን ስለሞላ፣ ወደፊት ለሚመጣ መሣሪያ ሌላ ድልድይ መክፈት ነበረበት። ፕሮግራሙ ከአዲሱ ድልድይ ማዶ ስንት ቦታ ይያዝ ብሎ ጠየቀው።

«የሚያስፈልገን አንድ መለዋወጫ ብቻ ነው» አለች ዝናሽ።

አንዷለም ሠላሳ ሁለት ብሎ ጻፈ።