ከአሥር ስንት?

ሀምዲያን የጠሯት እንድታስተረጉም እንጂ እንድታስብ አልነበረም። ቅዳሜ ማለዳ፣ መካ ዑተይቢያ ካለችው ጠባብ ክፍሏ ሳትወጣ ስልኳ ጮኸ። ደዋዩ የጂዳ ፖሊስ ሻምበል ኢስማኢል ነበር።

«ቶሎ ድረሽ» አላት በዐረብኛ። «አንድ ሽማግሌ ቤቱ ውስጥ ሞቶ ተገኝቷል። ሠራተኛዋ የአገርሽ ልጅ ናት፤ ከድንጋጤዋ ብዛት ዐረብኛው ጠፍቶባታል። ከዙህር ሶላት በፊት ቃሏን ተቀብዬ፣ ወይ ወደ እስር ቤት ወይ ወደ አዲስ ከፊል፣ ወደ አዲስ አሠሪ እልካታለሁ።»

«አዲስ ከፊል ደግሞ ከየት መጣ?»

«ስትመጪ ይገባሻል።»

ሀምዲያ ደሴ ላይ አሥራ አንድ ዓመት የወንጀል መርማሪ ነበረች። ባሏ ሲሞት ልጆቿን ለእህቷ ትታ ባሕር ተሻገረች፤ እነሆ ዘጠኝ ዓመት ሆናት። ሰው ቤት አጥባለች፣ ጠርጋለች፣ አሁን ደግሞ ለፖሊስ ታስተረጉማለች። የጂዳ ፖሊስ ምላሷን እንጂ ዓይኗን ቀጥሮ አያውቅም። ዓይኗ ግን ሳይቀጠርም ይሠራል።

ቤቱ ከጉለይል ሰፈር ዳር ያለ አሮጌ ፎቅ ነው። ባለቤቱ አብዱልወሃብ በወጣትነቱ ሀምቡርግ ተምሮ የመርከብ መሐንዲስ ሆኖ የኖረ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጅ ያልወለደ የሰባ ስድስት ዓመት ሰው ነበር። ሬሳው ትናንት ተነሥቷል። ጉሮሮ የሚከረክረው ሽታ ግን ከደረጃው ላይ ገና አልጠፋም።

«ትናንት ዓርብ ጠዋት የወንድሙ ልጅ መንሱር መጥቶ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ወድቆ አገኘው» አለ ሻምበሉ። «ባልዲ ውስጥ በረኪናና የሽንት ቤት አሲድ ተደባልቋል። ጭሱ ነው የገደለው። ልጅቷ ሐሙስ ጠዋት ባልዲውን እንዳለ ትታ ለዑምራ ወደ መካ ሄደች፤ ሽማግሌው ሳያውቅ ገባ። ግልጽ ነው።»

«እኛ አገር ‹ያልጠረጠረ ተመነጠረ› ይባላል» አለች ሀምዲያ።

መንሱር ሳሎን ተቀምጦ መቁጠሪያውን ያንከባልላል። መካ ጀርወል ውስጥ ሆቴል የሚያስተዳድር፣ ሽቶው ከሰላምታው የሚቀድም ሰው ነው። ድምፁ ለስላሳ ነበር።

«የደሙ ባለቤት እኔ ነኝ፤ ወራሹም እኔው። ይቅር እላታለሁ ብለሽ ንገሪያት። ሚስቴ መንታ ወልዳለች፤ ሠራተኛ ለማግኘት ደግሞ ስንት ወር ያስጠብቃል። ሦስት ዓመት እኔ ቤት ልትሠራ ትፈርም፤ እኔም ክሱን እተዋለሁ።»

ሀምዲያ ምሕረት በውል ሲመጣ አትወድም። ወደ ልጅቷ ሄደች።

ሱአድ ደረጃው ላይ ተኮራምታ ተቀምጣለች። ሀያ አምስት ዓመቷ ነው።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ እህቴ። የየት አገር ልጅ ነሽ?»

ልጅቷ አማርኛውን ስትሰማ እንባዋ ዱብ አለ። «የሐርቡ፣ እትዬ። ለሁለት ዓመት ነበር የመጣሁት፤ ይኸው አራተኛዬ። እናቴ ዓይኗ እየጠፋ ነው። ‹ሳይጨልምብኝ ልይሽ› ትለኛለች። አሠሪዬን፣ ባባን፣ ኹሩጅ ምታልኝ፣ የመውጫ ቪዛውን፣ ልሂድ ስለው፣ ‹የዘንድሮን ሳንቲም እንይና› ይለኛል። አምናም እንዲሁ አለኝ።»

«የምን ሳንቲም?»

«የጀርመን። በየዓመቱ አዲስ ሥዕል ያወጣሉ፤ የአንድ ክፍለ አገራቸውን ትልቅ ሕንጻ። ባባ ያስመጣና አብረን ነጥብ እንሰጣለን፤ ከአሥር። እኔ ነኝ ቀድሜ የምናገረው፤ ‹እኔ ከቀደምኩ ትፈሪኛለሽ› ይላል። ‹ፍርድ ላይ ማዘን የለም› ይላል።» እንባዋ ሳይደርቅ ፈገግ አለች። «አምና ባለ ብዙ ግንቡ ቤተ መንግሥት ነበር። እሱ ስምንት ሊሰጠው አስቦ ኖሯል። እኔ ‹ይህን ሁሉ መስኮት ማን ሊወለውለው ነው?› ብዬ አራት ሰጠሁት። እስኪያለቅስ ሳቀ። ከእኔ በቀር የሚያሳየው ሰው አልነበረውም እኮ።»

«ሰሞኑንስ እንዴት ነበር?»

«ከወጥ ቤት ያስወጣኝ ጀመር። ‹ክፍልሽ ግቢ› ይለኛል። ያስቀየምኩት መስሎኝ ነበር።»

«በረኪናውንና አሲዱን ማን ደባለቀው?»

«ወላሂ እኔ አይደለሁም! ሁለቱ አይገናኙም እኮ። ሰው ቤት ስንገባ በመጀመሪያው ቀን ነው የሚነገረን። ይህን የማያውቀው አጥቦ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው።»

ሀምዲያ ከቦርሳዋ አንድ የሃላላ ሳንቲም አውጥታ ዘረጋችላት። ሱአድ ሳታስብ፣ ፊቱን ሳትነካ፣ በሁለት ጣቶቿ ጫፍ ዙሪያውን ይዛ ተቀበለች።

«እንዲህ ነው የሚያዘው?»

«ባባ አስለምዶኝ ነው። እንደ መስታወት የሚያበሩት ሳንቲሞች ጣት ከነካቸው አሻራው አይለቃቸውም።»

ሹፌሩ ፈድሉ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ የስልጤ ሰው ነው፣ ቁጥብ።

«ሐሙስ ጠዋት ሱአድን መካ አድርሼ ተመለስኩ። ከዚያ ባባ ‹ዕረፍት ነህ› አለኝ። የቤቱ ቁልፍ የለኝም፣ እትዬ። ያለው እሱና መንሱር ጋ ነው።»

«ከዚያ በፊት ወዴት ወሰድከው?»

«እሑድ ጀዋዛት፣ ፓስፖርት መሥሪያ ቤቱ። ለምን እንደሄደ አልነገረኝም፤ ሲወጣ ግን ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ሰኞ ገበያ ወጥቶ ራሱ ሩዝ መረጠ። ባባና ሩዝ!»

የሽማግሌው ማንበቢያ ክፍል ከመታጠቢያ ቤቱ ጋር በአንድ በር ይገናኛል። ሳንቲሞቹ በክብ በክብ የፕላስቲክ ሽፋናቸው ተደርድረዋል፤ አጠገባቸው መያዣቸው ንጹሕ ነጭ የጨርቅ ጓንት ተቀምጧል። ከማጉያ መነጽሩ አጠገብ ግን አንዲት ሳንቲም ያለ ሽፋን ተጋድማለች፤ የዘንድሮዋ፣ በፈረንጆች የ2013ቷ ናት። የድንጋይ ገዳም ተቀርጾባታል፤ ሀምቡርግ መመታቷን የምትናገር አንዲት ፊደልም አለችባት። ቢጫ መሐሏ ያብለጨልጫል። ፊቷ ላይ ትልቅ የአውራ ጣት አሻራ ተጋድሟል። የማጉያው የነሐስ ጠርዝ ግን ደብዝዞ አረንጓዴ አውጥቷል። የመሳቢያው ቁልፍም እንዲሁ።

መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ፣ ከገንዳው ሥር አንድ ሮዝ የላስቲክ ጓንት ወድቋል፤ አውራ ጣቱ ላይ ተተርትሯል።

«ሻምበል፣ ሲገኝ ጀለቢያው እንዴት ነበር?»

«ጫፉ ወገቡ ላይ ተሸጉጦ ነበር። ለምን ጠየቅሽ?»

ሀምዲያ የሳንቲሞቹ ነጥብ የሚጻፍበትን ደብተር ከጠረጴዛው አንሥታ ገለጠች። የመጨረሻውን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ዘጠኝ ዓመት ብቻዋን የበላችውን እራት አሰበች።

«አንድ ስልክ ደውልልኝ» አለችው ስትመለስ። «ወደ ጀዋዛት። የዚህችን ልጅ ስም ጠይቅልኝ። ከዚያ ሁሉንም እዚህ ሰብስባቸው።»

ለዙህር አንድ ሰዓት ሲቀረው አምስቱም በሳንቲሞቹ ጠረጴዛ ዙሪያ ቆሙ። ሀምዲያ አንዴ በዐረብኛ፣ አንዴ በአማርኛ ተናገረች።

«ሽማግሌው ሳያውቅ ወደ ጭስ የገባ ሰው አይደለም። ሳያውቅ የሚገባ ሰው ጀለቢያውን አይሸጉጥም። ጀለቢያ የሚሸጎጠው ለሥራ ነው። ጓንቱ የሱአድ ነው፤ የእሷ እጅ ትንሽ ነው። የተተረተረው ትልቅ እጅ ገብቶበት ነው። ባልዲውን የደባለቀው ራሱ አብዱልወሃብ ነው፤ ሱአድ እንዳለችው፣ በሕይወቱ አጥቦ የማያውቅ ሰው።»

«ሠራተኛ ያለው ሰው ለምን ያጥባል?» አለ መንሱር።

«እኔም እሱን ነው የጠየቅሁት።» ደብተሩን አነሣች። «የመጨረሻው ገጽ የሳንቲም አይደለም። ‹ልምምድ› ይላል። ‹ሰኞ፣ ሩዝ፤ ሦስት ከአሥር፣ አርሯል። ማክሰኞ፣ አልጋ ማንጠፍ፤ አምስት። ረቡዕ፣ ልብስ መተኮስ፤ ሁለት፣ አቃጥያለሁ። ሐሙስ፣ መታጠቢያ ቤት›። የሐሙስ ነጥብ የለውም።»

ሱአድ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

«ሰው በዚያ ዕድሜው ብቻውን መኖር የሚለማመደው ብቻውን ሊቀር መሆኑን ሲያውቅ ነው። ሻምበል፣ ጀዋዛት ምን አሉህ?»

«እሑድ ዕለት ኹሩጅ መትቶላታል፤ የማይመለሱበትን። ፓስፖርቷንም ይዞ ወጥቷል።»

«እንግዲህ ፓስፖርቱ የት ገባ? ይህችን ሳንቲም እዩ። ያ ጭስ ነሐስ ይበላል፤ ማጉያውንም ቁልፉንም በልቷል። ሳንቲሟ ያኔ ያለ ሽፋን ብትሆን ኖሮ ቢጫው መሐሏ እንዲህ አያበራም ነበር። ስለዚህ ከሽፋኗ የወጣችው ጭሱ ከለቀቀ በኋላ ነው። ያወጣትም ከጭሱ በኋላ፣ ከፖሊስ በፊት፣ በቁልፍ የገባ አንድ ሰው ነው።»

«እኔ ምንም አልነካሁም!» አለ መንሱር።

ሀምዲያ አንዲት ሳንቲም ከነሽፋኗ አንሥታ፣ ሽፋኑን ከፍታ ዘረጋችለት። «እስቲ ይቺን ያዝልኝ።»

መንሱር ተቀበለ። ሰፊ አውራ ጣቱን ፊቷ ላይ ጫን አድርጎ።

ሱአድ «ውይ!» ብላ ጮኸች፤ እጇ ሳታስበው ሳንቲሟን ልታድን ተዘረጋ። መንሱር ወደ ጣቱ አየ።

«እዚህ ቤት የሚኖር ሰው እንዲህ አይዝም» አለች ሀምዲያ። «አሻራው ይመሳሰል አይመሳሰል ሻምበሉ ያስመረምረዋል። አንተ ግን ፓስፖርቱን ብትሰጠን ይሻልሃል።»

መንሱር ሳንቲሟን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ የእጅ ቦርሳውን ከፍቶ የተቀደደ ፖስታ አወጣ። ፖስታው ላይ በማጣበቂያ የተያዘ የተሰነጠቀ የዘንድሮዋ ሳንቲም ሽፋን ተንጠልጥሏል፤ ባዶ ነው።

«አልገደልኩትም! ሞቶ ነው ያገኘሁት፤ ወላሂ!»

«አውቃለሁ። ገዳይ የለም። አንተ የሞተ ሰው ስጦታ ቀደህ፣ ከውስጡ የዚህችን ልጅ መንገድ ሰረቅህ። ከዚያ ‹ይቅር ልበልሽ› ብለህ መጣህ፤ ላልሠራችው ወንጀል።»

ሻምበሉ መንሱርን ይዞ ሲወጣ ወደ ሀምዲያ ዞር ብሎ፣ «ለማስተርጐም ነበር የጠራሁሽ» አላት።

«አስተረጐምኩ እኮ» አለችው።

ፓስፖርቱ ውስጥ አንዲት የታጠፈች ወረቀት ነበረች። ሀምዲያ ለሱአድ አነበበችላት። «ልጄ ሱአድ፣ ሁለት ዓመት የሰረቅሁሽ ብቻዬን መሆን ፈርቼ ነው። ይቅር በይኝ። የዘንድሮዋን አብረን እንይና ትሄጃለሽ። ከዚያ በኋላ እችላለሁ፤ እየተለማመድኩ ነው።»

ሱአድ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ሀምዲያ አላባበለቻትም፤ ማልቀስ ይገባት ነበር። ሲበቃት ሳንቲሟን ዙሪያዋን ይዛ ወደ ብርሃኑ አቀረበችላት።

«የድሮ ገዳም ነው፤ መነኮሳት ዓለምን ትተው የሚኖሩበት። ያንቺን ነጥብ ሳይሰማ ሄደ።»

ልጅቷ ዓይኗን ጠርጋ ተመለከተች፤ እንደ ዳኛ፣ ጊዜ ወስዳ።

«ድንጋዩ ያምራል። ሰው ግን የለበትም። ስድስት።»

ሀምዲያ ጻፈች። ከዚያ ገጹን ገልጣ የሐሙስን ባዶ ቦታ አሳየቻት። «ይሄስ?»

ሱአድ ተነሥታ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆመች። ወለሉ ግማሹ ተፈትጓል። ጥጋጥጉ እንዳለ ነው፤ ብሩሹም በተገላቢጦሽ ወድቋል።

«ጥጉን አልነካውም፣ እትዬ። በውሃም አላለቀለቀውም። ሁለት ቢያገኝ ነው» አለች፤ ድምፏ ተቆረጠ። «ፍርድ ላይ ማዘን የለም ይለኝ ነበር።»

«ስንት ልጻፍ ታዲያ?»

«አሥር በይው። እንደዋሸሁት ያውቃል።»