የስድስት ውሾች ምስክርነት

ዶክተር አምደሚካኤል ሰኞ ጠዋት ሞተው የተገኙት የውሾች ሥጋ በሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ፣ በሩን ተደግፈው ነው። በሩ ከውጭ ተቀርቅሯል። የውስጡ እጀታ ከተሰበረ ቆይቷል፤ ስልካቸውም ቢሮ ቀርቷል።

በእኛ አገር ሬሳ ያገኘ ሰው መጀመሪያ ይታሰራል፣ ቀጥሎ ይጠየቃል። ኢንስፔክተር መቅደላዊት በሐምሌ ዝናብ ከደብረ ማርቆስ ስትደርስ የውሾቹ ጠባቂ አስማማው ካቴና ገብቶለት ነበር።

«ትናንት ማታ የግቢው በር ላይ ካለችው ጎጆ ያደርሁት እኔ፣ ሬሳውን ያገኘሁት እኔ» አላት። «በየት በኩል ልውጣ፣ እመቤቴ?»

ሐኪሙም አልረዳውም፤ ብርዱ የሞቱን ሰዓት ደብቆታል።

የዶክተሩ ረዳት ያለምወርቅ ጥናቱን አስረዳች። ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትይዘው በዚሁ ነው። «ሦስቱ ውሾች ጥሬ ሥጋ ከነአጥንቱ፣ ሦስቱ የፋብሪካ መኖ ይበላሉ። የበሉትንም የሚያስወጡትንም እየመዘንን እንመዘግባለን፤ ሆዳቸው ምን ያህሉን እንዳስቀረ ለማወቅ።»

«ቅዳሜና እሁድ ማን አበላቸው?»

«እኔ። አስማማው ለአባቱ ተዝካር ደብረ ወርቅ ሄዶ፣ እሁድ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው የተመለሰው። አሥር ሰዓት ላይ ሥጋ ሳወጣ ክፍሉ ውስጥ ሰው አልነበረም።»

ሥጋ አቅራቢው ሙራድ ደግሞ «ቅዳሜ ጠዋት አስረከብሁ። ዶክተሩ ‹አጥንት አበዛህ› ብለው ተቆጡኝ፤ ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም» አለ።

መቅደላዊት የጥናቱን መዝገብ ገልብጣ አነበበች። ከዚያ ዣንጥላዋን ትታ በየውሾቹ ማደሪያ እየዞረች አጎነበሰች። አብሯት የነበረው ፖሊስ አፍንጫውን ያዘ፤ እሷ ግን አንዱንም ሳትዘል ስድስቱንም አየች። ሲበቃት ሰዎቹን ሁሉ እዚያው ሰበሰበቻቸው።

«ያለምወርቅ፣ መዝገብሽ ጥሩ አስተማሪ ነው። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ውሻ አብዛኛውን ሆዱ ያስቀረዋል፤ ዓይነ ምድሩ ትንሽ፣ ደረቅ፣ በአጥንቱም የነጣ ነው። የፋብሪካው መኖ እህል ስላለበት ብዙና ለስላሳ ሆኖ ይወጣል። ዛሬ ግን የስድስቱም አንድ ነው፤ ብዙና ለስላሳ።»

«ሆዳቸው... ታመው ይሆናል።»

«ሥጋ የሚበሉት ሦስቱም በአንድ ቀን? የበሉት በአንድ ቀን ገደማ ይወጣል። እንግዲህ ከቅዳሜ ወዲህ ሥጋ የቀመሰ የለም። ሥጋ ካልወጣ በሩ አልተከፈተም። በሩ ካልተከፈተ ሰው አለመኖሩን በምን አየሽ? ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል።»

ያለምወርቅ ወደ ማቀዝቀዣው በር እንጂ ወደ ሰው አላየችም።

«መዝገቡ ላይ የወሩን ክብደት ሳትመዝኚ ሞልተሻል» አለች መቅደላዊት፤ «ዶክተሩም በቀይ እስክሪብቶ ከበውበታል።»

«‹ሰኞ ለኮሌጁ አሳውቃለሁ› አሉኝ» አለች ያለምወርቅ። «ቅዳሜ እኩለ ቀን ሥጋውን ሊያዩ ሲገቡ ቀረቀርሁባቸው። እስኪለምኑኝ ብዬ ነበር። ለመኑኝ። ከዚያ ደግሞ ብከፍት እታሰራለሁ ብዬ ፈራሁ። ‹ትንሽ ልቆይ› እያልሁ መሸ፤ ነጋ። ውሾቹ ሲጮኹ አሳዘኑኝና መኖ ሰጠኋቸው።»

የአስማማው ካቴና ተፈታ። እሱ ግን አልተንቀሳቀሰም።

«እሁድ ማታ ውሾቹን ለማየት ስመጣ፣» አለ፣ «በሕይወት ነበሩ?»

«ያንኳኩ ነበር። አንተን ሳይህ የቢሮውን ሬዲዮ ከፍ አደረግሁት።»